የጄኔራሏ ትእዛዝ

ቤቱ በለቅሶተኛ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ፣ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ያስተዋለው ዘግይቶ ነው። አንዲት ወፍራም ጎረቤት እያለከለከች ገብታ፣ በዓይኗ ቦታ ስትፈልግ ቆይታ፣ ደስ ብሏት ወደ ወንበሯ ሄደች። ልትቀመጥ ጎንበስ ካለች በኋላ የተዘጋውን የመኝታ ቤት በር አየት አደረገችና ቀና አለች።

“ለእኔ እንኳ መቆም ይሻለኛል” አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እግሯ እያበጠ እንደሚያስቸግራት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ነገሩ ያኔ ገባው። ሚስቱ ለሳምንታት ስትጮኽ የከረመችው፣ የሞተችውም ከዚያ በር ጀርባ ነው። ቀስ ብሎ ከሶፋው ተነሳና ሄዶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ሻይ የምትቀዳዋ ሴት “ስኳር ያነሰው አለ?” ስትል፣ ለሁሉም ስኳር ያነሰው ይመስል ሰው በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

ሹክሹክታ መጥፎ ጠባይ አለው፤ እንዳይሰማ ተብሎ ሲነገር ነው ይበልጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባው። ከፊቱ የተቀመጡት ሁለት የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ራስ ለራስ ተጠጋግተው ነበር።

“በር ሳይከፈትለት እንዴት ይገባል?” አለች አንደኛዋ።

“እኮ! ያውም እሷን በመሰለች ሴት ላይ!”

“ማን ያውቃል፣ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ይኖር ይሆናል።”

በእነሱ አነጋገር “በር” ማለት ንስሐ ያልተገባበት ኃጢአት ነው፤ የተደበቀ ቂም፣ የተሸሸገ ዝሙት፣ ጠንቋይ ቤት የረገጠ እግር። ክፉ መንፈስ ያለ በር አይገባም ብላ ያስተማረቻቸው ደግሞ ሟቿ ራሷ ነች። ፀጉር አስተካካዩ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያይ ጀመር። ሴቶቹ ዘወር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

“እግዚአብሔር ያጽናህ” አሉት በአንድ አፍ።

“አሜን” አለ።

ሚስቱን ከመጋቢው ጀምሮ እስከ ሰፈሩ ባለሱቅ ድረስ ሰው ሁሉ “ጄኔራሏ” ነበር የሚላት። እንጀራዋ የልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ ካውያ መያዝ ነው። “ጄኔራል ብትባል ምን ይገርማል፣ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ አይደል የምትውለው” እያለ ባሏ ይቀልድባት ነበር። እሷም ሳቋን በአፍንጫዋ ለቀቅ ታደርግና “አንተ ሰውዬ፣ ቀልድህን ለደንበኞችህ አስቀምጥ” ትለዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ካውያው ይቀርና፣ ክፉ መንፈስ ለያዛቸው ሰዎች ቤቷ ውስጥ ስትጸልይ ሌላ ሰው ትሆናለች። ለእሷ ዓለም የጦር ሜዳ ነበረች። ጸሎት “ውጊያ” ነው፤ የጸሎት ቡድኑ “ጦሩ” ነው፤ እንቅልፍ የሚወድ አማኝ ደግሞ “የከዳ ወታደር” ነው። ስብከት ላይ እያንኮራፋ የሚያሳፍራት የከዳ ወታደር እቤቷ ውስጥ ስለነበረ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትናገራት።

የከዳው ወታደር ግን ግዳጅ አላጣም። አንድ ጊዜ ሲጸለይለት የነበረ ጎረምሳ ጠረጴዛውን በእርግጫ ብሎ የሠርጋቸውን ብርጭቆዎች ድምጥማጣቸውን አጠፋቸው። ከዚያ ወዲህ ውጊያ ሳይጀመር ብርጭቆ ማሸሽ የፀጉር አስተካካዩ ሥራ ሆነ። ብርጭቆውን ካሸሸ በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ሻይ ይጥዳል፤ ገርበብ ባለው በርም ያያል።

ያየው ነገር ሁሉ ለራሱም ግልጽ አልነበረም። መርፌ የምታክል ልጅ ጎረምሶችን እንደ ትራስ ስትወረውር አይቷል። በሽማግሌ ድምፅ የምትናገር ሙሽራ ሰምቷል። ጄኔራሏ ግን አትጮኽም። ሌሎቹ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ሲጮኹ እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ትልና፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠግታ፣ “ስምህ ማነው? መቼ ገባህ?” ትላለች። የታመመችው ሴት ብትሆንም ሁሌ “አንተ” ነው፤ የምታናግረው ሴትዮዋን ሳይሆን ውስጧ ያለውን ነውና። ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክራ የታመመውን ሰው ፊት ትጠርጋለች። “አንቺ አልነበርሽም። እሱ ነበር። በይ ተነሽ ልጄ፣ ሻይ ጠጪ” ትላለች። ፀጉር አስተካካዩ ስለ አጋንንት ያለው እውቀት ከሻይ ማፍላት ባያልፍም፣ ሚስቱ ያንን ስትል ሁሌ ሆዱ ይባባ ነበር።

ለአዳዲስ ተዋጊዎች የምትሰጠው ትምህርት አጭር ነው። “ጠላት ውሸታም ነው” ትላቸዋለች። “ያለቅስላችኋል። ውሃ ጠማኝ ይላችኋል። አመመኝ፣ እናቴን ጥሩልኝ ይላችኋል። አንጀታችሁን ይበላዋል። አንጀቱ የተበላ ወታደር ደግሞ መሣሪያውን ይጥላል። አትስሙት።”

ይህን ትምህርት ከሁሉም በላይ የያዘችው ምክትሏ ነች። በአውቶቡስ መነሃሪያ ቲኬት ትሸጣለች፤ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነች። ከጄኔራሏ አፍ የወጣ ቃል ከእሷ ጆሮ ጠብ አይልም። ጄኔራሏ ብታስነጥስ እንኳ ምክንያቱን ትጠይቅ ነበር።

ልጃቸው መምህር ነች፤ የምትኖረው ራቅ ያለ ከተማ ነው፤ ለለቅሶው መጥታለች። አንድ ጠዋት፣ ሰው ገና ሳይሰበሰብ፣ ወጥ ቤት ብርጭቆ እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠችው “አባዬ” አለችው።

“ወይ”

“ሐኪሙ ጋ ደውዬ ነበር።”

“አሁን ምን ያደርግልናል?”

“ከአልጋዋ በላይ ስለነበረው መብራት ልጠይቀው ብዬ ነው።”

ብርጭቆ ሊያደርቅበት ያነሳው ፎጣ እጁ ላይ ቀረ።

“ጭንቅላቱ ውስጥ እንዲህ ዓይነት እጢ ያለበት ሰው ብርሃን ያመዋል አለኝ። ዓይኑ ውስጥ መርፌ እንደሚገባበት ነው አለኝ። መሳደቡ፣ የራሷን ሰው አለማወቋ፣ የድምፅዋ መጎርነን፣ ሁሉም ከዚያው ከእጢው ሊመጣ ይችላል አለኝ።” ዞር ብላ አየችው። ዓይኗ ደም መስሏል። “ያንን መብራት ማን ነው ቀን ከሌት አይጥፋ ያለው?”

“እሷ ናት” አለ። “እናትሽ ናት ያዘዘችው።”

እውነቱን ነው። ግን እውነቱን ተናግሮ እንዳበቃ ፎጣውን አስቀምጦ ከወጥ ቤት ወጣ።

ሕመሟ የጀመራት በአንድ ነጭ ሸሚዝ ነው። በሥራ ዘመኗ አንዲት ክር አቃጥላ የማታውቅ ሴት፣ ካውያውን ሸሚዙ ላይ አስቀምጣ ጭሱ ፊቷን እስኪሸፍነው ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ሐኪሙ የጭንቅላቷን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ እጢውን በእስክሪብቶ እያሳየ፣ ቦታው ቢላ የማያስገባ መሆኑን ነገራቸው። ቤቷ ሄዳ ትረፍ አለ። ከሆስፒታል ሲወጡ ባሏ መናገር አቅቶት የኪሱን ቁልፍ ያገላብጥ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷ ፈክቷል።

“ሐኪሙ እጢ ይበለው” አለች። “እኔ አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስወጋው የኖርኩት ነው። ከፊት ሲያቅተው ከኋላ መጣ።”

እቤት ከገቡ በኋላ ምክትሏን አስጠራች። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ባሏን በአንድ በኩል፣ ምክትሏን በሌላ በኩል አቆመቻቸው። አነጋገሯ ውጊያ ሊወጣ እንዳለ አዛዥ ነበር።

“አእምሮዬ የሚደክምበት ቀን ይመጣል” አለች። “ያኔ በእኔ አፍ መናገር ይጀምራል። መብራቱ እንዳይጠፋ፤ እሱ ጨለማ ይወዳል። አጥፉልኝ ካልኩ እኔ አይደለሁም። ብለምን እኔ አይደለሁም። ብሳደብም እኔ አይደለሁም። ቃል ግቡልኝ።”

ምክትሏ እንባዋን እየጠረገች ቃል ገባች። ባሏ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ቀልድ የሚያመልጠው ሰው ነው።

“አንቺ ደህና ስትሆኚም ትሳደቢያለሽ። በምን ልለይሽ?”

በአፍንጫዋ ሳቀች። ከዚያ እጁን ያዘችው፤ የካውያ ጠባሳ ያለበት መዳፏ ትኩስ ነበር። “ቃል ግባልኝ” አለችው በድጋሚ። ቃል ገባ። ከሱቁ መስታወት በላይ ያለውን፣ ፀጉር በፀጉር የሚለየውን ነጭ አምፖል ፈቶ አመጣና ወንበር ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ከአልጋዋ በላይ ሰቀለላት። ሲያበራው ክፍሉ እንደ ቀትር ሆነ። ረክታ አየችው።

ያለችው ቀን መጣ። መጀመሪያ ስሙን አጣችው፤ ከዚያ መልኩን። ከዚያ ከደረቷ የሚወጣ ወፍራም፣ ሻካራ ድምፅ መጣ። “አጥፉት” ይላል ድምፁ። “ዓይኔን! ዓይኔን አወጣችሁት! ምነው እናንተ ሰዎች ልብ የላችሁም?” የሰፈር ዱርዬ የማያውቀውን ስድብ ይሳደባል። ፊቷን በትራስ ስትሸፍን ተዋጊዎቹ ትራሱን ያነሱባታል፤ ጨለማ ፍለጋ ነው እያሉ። ፀጉር አስተካካዩ እንዳይሰማ ሲል መዘመር ጀመረ። ድምፁ ለመዝሙር የተፈጠረ አይደለም፤ መዘምራን ውስጥ ሊገባ ጠይቆ በትህትና የተሸኘ ሰው ነው። እሷ ስትለምን እሱ ይዘምራል፤ ልመናዋን ከፍ ስታደርግ መዝሙሩን ከፍ ያደርጋል። አንድ ቀን ዝም ስትል እሱም ዝም አለ፤ ሞታ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ድምፅ የጠላት ከነበረ፣ ዕድሜ ልኳን ሰው ነፃ ስታወጣ የኖረችው ሚስቱ ተሸንፋ ሞተች፤ ሰፈሩም የተከፈተ በሯን ሲፈልግ ይኖራል። እሱ ግን ታማኝ ወታደር ነው፤ ምንም አላጠፋም። ድምፁ የእሷ ከነበረ ደግሞ ስሟ ንጹሕ ነው፤ ግን ዓይኗ ላይ መብራት ሰቅሎ፣ እየለመነችው የዘመረባት እሱ ነው። ከሁለት አንዱን መሸከም አለበት። የትኛው እንደሚቀለው ያውቃል። ያንን ማወቁ ነው ከሁሉም በላይ ያሳፈረው፤ ሰው ሲያጽናናው ቀና ብሎ ማየት ያቃተውም በዚሁ ነው።

ልጁ ስለ መብራቱ በጠየቀችው ቀን አንድ ዳቦ ጋጋሪ መጣ። ትልቅ፣ ክንዱ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። ብርጭቆዎቹን በእርግጫ ያጠፋው ጎረምሳ እሱ ነበር። ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ሌላ ወንበር ስቦ፣ ማንንም ሳይፈራ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጎን ተቀመጠ።  ሰዎቹ ወጣ ወጣ ሲሉ ጎንበስ አለ።

“ጋሼ፣ ያኔ እናቴን መትቼ ነበር” አለ። “ጠጥቼ ነበር። ጥርሷን ነው ያወለቅሁት። ይህን እትዬ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።”

“ነግራኝ አታውቅም።”

“አውቃለሁ። ለማንም አይናገሩም። ሲጸለይልኝ ውስጤ የነበረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርዎት። እንዲያው እኔው ነበርኩ ይሆናል። እሳቸው ግን ፊቴን ጠርገው ‘አንተ አልነበርክም፣ እሱ ነበር’ አሉኝ። በዚያች ቃል ነው ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩት። ያንን ባይሉኝ ኖሮ በምን ዓይኔ አያታለሁ?” በመዳፉ ፊቱን አሸት አደረገ። “ጋሼ፣ እርስዎም አሁን ያንን ያስቡ። ሲጮኹ የነበሩት እሳቸው አልነበሩም። እሱ ነበር።”

ደግ ሰው ነው፤ ያለውን ነው የሰጠው። ፀጉር አስተካካዩም እንደ ራበው ሰው ተቀበለው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ምክትሏ ከጦሩ ጋር መጥታ “ጋሼ፣ የለቅሶው መጨረሻ ቀን ቤቱን ብናጸዳው ምን ይመስልዎታል?” ስትለው፣ ብዙም አላሰበም። ማጽዳት የሚሉት ዘይት ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ፣ የቀረ መንፈስ ካለ ውጣ እያሉ የሚጸልዩትን ነው። ምክትሏ ስትጠይቀው አላየችውም፤ ዓይኗ የጫማዋ ጫፍ ላይ ነበር። ፊቷ በእነዚያ ቀናት ጭምትርትር ብሎ ከስቷል። ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

“ኑ” አለ። “አጽዱት።”

ልጁ ይህን የሰማችው ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ነው። የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ እንዳንጠለጠለች ገባች።

“እማዬን ሰይጣን በልቷት ሞተች ብለህ ማኅተም ልታደርግባት ነው?”

“ልጄ፣ ለቤቱ ነው። ለአንቺም ነው።”

“ለእኔ አይደለም!” ድምፅዋ ተሰበረ። “እሷ ታማ ነው የሞተችው። የሞተችው ታማ ነው፣ አባዬ! ለምንድን ነው ይህን ማለት እንዲህ የከበደህ?”

ለምን እንደከበደው ቢነግራት ደስ ባለው።  ምናልባት ገባት፤ ምናልባትም ስለገባት ነው ሌላ ቃል ሳትናገር የወጣችው። 

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ተዋጊዎቹ ሳሎኑን ሞልተው፣ ሴቶቹ ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው፣ የዘይቱ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጠባበቃሉ። ብርጭቆ የሚያሸሽ አልነበረም። ልጁ ሻንጣዋን ዘግታ ወጥ ቤት ቆማለች፤ ጸሎቱ ሲጀመር ልትሄድ ነው። ምክትሏ ግን የለችም። ስልኳ ይጠራል፤ አይነሳም።

“እኔ ልፈልጋት” አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ከቤቱ መውጫ ምክንያት በማግኘቱ እፎይ ብሎ።

መነሃሪያው ሄደ። የቲኬት መስኮቷ ተዘግቷል፤ በጎኑ ያለችው ሠራተኛ ዛሬ አልገባችም አለችው። መንገዱ ዳር የጫማ ጠጋኞቹ፣ የስልክ ካርድ ሻጮቹ “እግዚአብሔር ያጽናህ” እያሉ ባርኔጣቸውን አነሱለት። ሲመለስ በራሱ ሱቅ በኩል አለፈ። ምክትሏ እዚያ ነበረች፤ በተዘጋው ሱቅ ደረጃ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች።

“ሰው ሁሉ አንቺን ይጠብቃል” አላት።

“ጋሼ፣ እኔ አልችልም።”

“ምኑን?”

“እዚያ በር ላይ ቆሜ ውጣ ማለት።” ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። “ማንን ነው የማስወጣው?”

አላፊ አግዳሚው ያያቸው ጀመር። ቁልፉን አውጥቶ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገቡ አነሳና ጎንበስ ብለው ገቡ። ሱቁ የሽቶና የአሮጌ ፀጉር ሽታ ይዞ ቆይቷቸው ነበር። ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ የሚመጣው ነገር መልካም እንዳልሆነ አውቆታል፤ ተነስቶ መሄድም አምሮት ነበር።

“አንድ ጠዋት” አለች ምክትሏ፣ “እርስዎ እዚህ ሥራ ላይ ነበሩ። ተራው የእኔ ነበርና ገባሁ። ዓይኗን ጨፍና ነው የተኛችው። አንዱን ዓይኗን ገለጥ አደረገችና አየችኝ። ‘አንቺ’ አለችኝ። ‘ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው። እንዲህ ሆነሽ ነው መንገድ ለመንገድ የመጣሽው?’ ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው፤ ስፌቱ ሁሉ በውጭ ነው። ሳቀች።”

“ሳቀች?”

“በአፍንጫዋ።”

ዞሮ አያት።

“የእሱን ሳቅ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። እሱ ሲስቅ ሰውን ይበርደዋል። ያ የእሱ ሳቅ አልነበረም። የእትዬ ሳቅ ነው። ከዚያ ጠጋ በይ አለችኝ። ‘እባክሽ መብራቱን ትንሽ አጥፊልኝ’ አለችኝ። ‘ሰውዬው ሳይመጣ መልሰሽ ታበሪዋለሽ። ወንበር ላይ ወጥቶ ነው የሰቀለልኝ፤ ጠፍቶ ካየ ይከፋዋል።’”

ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጧል።

“አንቺስ ምን አልሽ?”

“‘ዝም በል’ አልኳት። ‘ዝም በል፣ አንተ ውሸታም።’ እሷ መሆኗን እያወቅሁ ነው። እያወቅሁ! ብሳሳትስ ብዬ ፈራሁ። አንጀቴን እየበላኝ ቢሆንስ? ትእዛዟን ባፈርስባትስ? መብራቱን አላጠፋሁትም።”

“እሷስ?”

“ትንሽ አየችኝ። ‘ጎበዝ’ አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።”

መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ ነው። ይህችን ሴት አንጠልጥሎ መንገድ ላይ ሊጥላት፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ሊጮኽባት ፈለገ። ግን በምን አፉ? እሷ አንድ ጠዋት ሰምታ እምቢ አለች፤ እሱ ሁሉንም ቀን እንዳይሰማ ዘመረ። ቁጣው መሄጃ አጥቶ ወደ ራሱ ተመለሰ። ከዚያ “ይከፋዋል” ያለችው ቃል ደረሰችበት። ስሙን ረስታዋለች፣ መልኩን ረስታዋለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗ እየተወጋ እንዳይከፋው ትጠነቀቅለት ነበር። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰውን፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። ምክትሏ አልነካችውም፤ አላጽናናችውም። እሷም ታለቅስ ነበር።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ልጁ ነች።

“አባዬ፣ ሰዎቹ እየተነጫነጩ ነው። አገኘሃት?”

“አግኝቻታለሁ።” ጉሮሮውን ጠረገ። “ልጄ፣ ንገሪያቸው። ቤታችን ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም በያቸው። ሚስቴ ታማ ነው የሞተችው ብሏል በያቸው። የከፈተችው በር የለም። አንቺም ሻንጣሽን አስቀምጪ፤ የምነግርሽ አለኝ። ስለ መብራቱ፤ ስለ እኔ።”

በስልኩ ውስጥ ሻንጣ ወለል ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

“እሺ አባዬ” አለች።

ስልኩን ዘጋውና ኪሱ ከተተው። ምክትሏ ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች።

“ተቀመጪ” አላት። “ሌላስ ምን ትል ነበር?”

“ጋሼ?”

“እናንተ ሰምታችኋል። እኔ ስዘምር ነው የከረምኩት። እሷ ከነበረች፣ የተናገረችው ሁሉ የእሷ ነው። አንድም አልሰማሁም።”

“ብዙ ነው የተናገረችው” አለች ምክትሏ በፍርሃት። “ስድብም አለበት።”

“ስድቡንም ንገሪኝ።”

“እርስዎንም ሰድባለች። በጣም።”

“ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪልኝ። ምንም እንዳታስቀሪ።”

ምክትሏ ዓይኖቿን ጠርጋ፣ ወለሉን እያየች፣ በዝግታ መናገር ጀመረች። ቀኝ ጆሮው በዕድሜም በመቁረጫ ማሽኑ ጩኸትም ደክሟል፤ እሷ ደግሞ የተቀመጠችው በቀኙ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ፤ በፊቷ ዞሮ አለፈና በሌላው ጎኗ ተቀመጠ።